ለአንዲት ፍሎፒ ወፍጮ ያስቆምኩበት ቀን

በ1986 ዓ.ም. የአርባ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነበረኝ። አንዱ ክፍል መኖሪያችን ነው፤ አንዱ የሚስቴ የታይፕ ትምህርት ቤት። ትምህርት ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የቤት ኮምፒዩተርና እሱ ላይ የተገጠመ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን። ከዚያ በላይ ምንም የለም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ማንበብ ላይ ደርሼ ቆምኩ። አሁንም ይህን ስጽፍ እጄ ከሐሳቤ ኋላ እየቀረ ያናድደኛል። ሚስቴ ግን አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። ቴፒ አጠገብ ያለ የቡና እርሻ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች፤ እኔ እዚያው እርሻ ላይ የችግኝ ጣቢያ ፎርማን ነበርኩ። ቢሮው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷን ቀነሰ። እኔም እሷ ከሌለችበት ምን እሠራለሁ ብዬ ሥራዬን ትቼ ተከተልኳት። ሰዉ ሞኝ ነው አለ። ይበል። እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ኮምፒዩተሩን የሰጠን አንድ ፈረንጅ ነው። የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ሊተክል መጥቶ እርሻው ላይ ብዙ ጊዜ ኖረ። ሚስቴ ወረቀቱን ሁሉ ታይፕ ታደርግለት ስለነበር፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለሰው ሲያከፋፍል ለእሷ ይህን ሰጣት። ውስጡ ታይፕ የሚያስተምር ፕሮግራም ነበረ። ፊደሉን ቴሌቪዥኑ ላይ ያወጣል፤ ተማሪዋ ትመታለች፤ ከሳተች ይጮህባታል፤ ካገኘች ወደሚቀጥለው ያሳልፋታል። ሳይሰለች፣ ሳይቆጣ፣ መብራት እስካለ ድረስ።

ያ ፕሮግራም የሚኖረው ፍሎፒ ላይ ነው። የዛሬ ልጅ ፍሎፒ አያውቅምና ልንገራችሁ። መዳፍ የምታህል፣ በደረቅ ፕላስቲክ የተሸፈነች ነገር ናት፤ ውስጧ እንደ ካሴት ክር ቡናማ የሆነ ስስ ክብ አለ። ኮምፒዩተሩ ራሱ ምንም አያስታውስም ነበር። ባጠፋነውና ባበራነው ቁጥር ፍሎፒዋን ካልጎረሰ ድንጋይ ነው።

ፈረንጁ ሁለት ፍሎፒ ነበር የሰጠን። አንደኛዋ ከፋብሪካ የመጣችው ዋናዋ፣ ሁለተኛዋ እሱ ራሱ ከዋናዋ የቀዳት። «በቅጂዋ ሥሩ፤ ዋናዋን ደረቅ ቦታ አስቀምጡ» ብሎን ሄደ።

እንግዲህ ሚዛን ውስጥ ደረቅ ቦታ ፈልጉ ሲባል ምን ታደርጋላችሁ። ክረምት ሲገባ አልጋ ሥር ያደረ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ይሸታል። ያን ጊዜ አማቴ ከሸኮ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ፍሎፒዋን ተቀብላ አገላብጣ አየችና፣ «ለዘር የምትሆን ናት?» አለች። ሚስቴም «አዎ፣ እንደዚያ በያት» አለቻት። አማቴ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ፣ ከዘር በቆሎውና ከኮረሪማው ጎን ሰቀለቻት። እኔም አየሁ፣ ሚስቴም አየች፤ ትክክል መሰለን። በኛ አገር እንዳይበሰብስ የሚፈለግ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ፈረንጁ ደረቅ ሲል ጭስና ሙቀት የሌለበት ማለቱ እንደሆነ ማን ይንገረን።

በኋላ ስናወርዳት ፕላስቲኩ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣሞ፣ ጠርዟ ላይ ያለው ተንሸራታች ብረት ጥቀርሻ ጠጥቶ፣ ከማሽኑ አፍ አልገባ አለች። አማቴ አልደነገጠችም። «በቆሎ የሚያድን ጭስ ይህችን ከገደላት፣ ድሮም ዘር አልነበረችም» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስለዚህ የቀረችን ቅጂዋ ብቻ ሆነች። በዚያው ሰሞን ደግሞ እሷም መታመም ጀመረች። ኮምፒዩተሩ ሲያነባት ድሮ ለስላሳ ድምፅ ነበር የሚያሰማው፤ አሁን ቅጠል እንደሚፈጭ ጥርስ ቀርጨጭ፣ ቀርጨጭ ይል ጀመር። አንዳንዴ ሁለት ሦስቴ አውጥተን ካልመለስናት አትነሳም። ጊዜው ደግሞ መጥፎ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቶ፣ የሚስቴ ተማሪዎች ሁሉ ለፈተናው ተመዝግበዋል። ከእነሱ አንዷ እንኳ ካለፈች ትምህርት ቤቱ ስም ያገኛል። ፍሎፒዋ ከፈተናው በፊት ከሞተች ግን ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለንም፤ የቀረን አንድ ጠረጴዛና ቴሌቪዥን ነው።

ሚስቴ ፍሎፒዋን ለማሳረፍ ብላ አዲስ ተማሪ መቀበል አቆመች። ከላይኛው ሰፈር ሁለት እህትማማቾች ሊመዘገቡ መጥተው፣ «ቦታ የለም» ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። አግዳሚው ላይ ባዶ ቦታ እያዩ ነው የሄዱት።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ የታይፕ ትምህርት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ከጅማ የመጣ መምህር ነው፤ አራት የብረት ታይፕራይተር አለው፤ ሲመቱ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ምላሱ ግን አያርፍም። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «ጎረቤት፣ ብስኩቱ እንዴት አደረ?» ይለኛል። ፍሎፒዋን ብስኩት ነበር የሚላት።

«ደህና ነው» እለዋለሁ።

«አይጥ እንዳይበላው።»

«ያንተን ብረት ዝገት ይብላው እንጂ ለኛ አትጨነቅ።»

ይህን ብዬው ስገባ ግን ከሁሉ በፊት የማየው ፍሎፒዋን ነው።

መጀመሪያ ሚስቴ ፍሎፒዋን በኮምፒዩተሩ ራሱ ለመቅዳት ሞከረች። ሁለት ማንበቢያ ነበረን፤ አንዱ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተሠራ፣ አንዱ በገመድ የሚቀጠል። ፈረንጁ የተወልን የጨዋታ ፍሎፒዎችም ነበሩ፤ እነሱን አጥፍተን ልንቀዳባቸው እንችላለን። ኮምፒዩተሩ ቀዳሁ አለ። ቅጂዋን ስናስገባ ግን ስሙን አሳይቶ ቀጥ አለ።

«ለምን?» አልኳት።

ፈረንጁ ያስረዳትን ነገረችኝ። ፋብሪካው ሰው እንዳይቀዳበት ብሎ ፍሎፒዋ ላይ ሆን ብሎ ጠባሳ ያበጅባታል። ኮምፒዩተር ሲቀዳ ያንን ጠባሳ ብልሽት መስሎት አስተካክሎት ያልፋል። ፕሮግራሙ ደግሞ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ያንን ጠባሳ ነው። ካጣው፣ ይህች የኔ አይደለችም ብሎ ይቆማል።

«ታዲያ እሱ እንዴት ቀዳ?»

ሚስቴ ትንሽ አሰበችና ተነስታ ከመሳቢያው ፈረንጁ የተወላትን አንድ ጥቁር ሳጥን አወጣች። ከክብሪት ቀፎ ትበልጣለች፣ ከሳሙና ዕቃ ታንሳለች። በአንድ ወገን ሰፊ ገመድ፣ በላይዋ አንዲት ማብሪያ። ኮምፒዩተሩና ሁለተኛው ማንበቢያ መካከል ነው የምትገባው። ሥራዋ እንዲህ ነው፦ ኮምፒዩተሩን አታማክርም። አንደኛው ማንበቢያ ያነበበውን ሁሉ፣ ጠባሳም ይሁን ደህና፣ እንዳለ በዚያው ቅጽበት ወደ ሁለተኛው ታሻግራለች። እንደ ማር ነው፤ ከነሰፈፉ ካንዱ እንስራ ወደ ሌላው መገልበጥ። ማጣራት የለም።

በማግስቱ ይህን ለጎረቤቴ ለመምህሩ ነገርኩት። ባልነግረው ይሻለኝ ነበር።

«ስርቆት ነው» አለ።

«ከማን ነው የሰረቅኩት?»

«ከፋብሪካው። አትቅዱ ብሎ የቆለፈውን ልትቀዳ ነው።»

«ስማ መምህር፣ እኔ የችግኝ ሰው ነኝ። አንድ እናት ዛፍ ብቻ ይዤ በሽታ እስኪገባባት ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። አልሸጠው፣ ለሰው አልሰጠው። ያለኝ አንድ ማሽን ነው፤ ስንት ቅጂ ቢኖረኝ የሚያስተምረው ባንዷ ብቻ ነው። ምኑን ሰረቅኩ?»

«ሕግ ሕግ ነው።»

«ሕግ ከሆነ የተበላሸችውን ፋብሪካው ይለውጥልኛ። እስቲ አድራሻውን ስጠኝ፤ የሚዛን መንገድ ጭቃው እስኪደርቅ ደብዳቤዬ እዚሁ ይጠብቃል።»

ሳቀና ተወኝ። እኔም ተውኩት። ግን ሚስቴም ይህ ነገር ሳይከነክናት አልቀረም፤ ማታ ስትጸልይ ረዘም አደረገች። ከዚያ ተነስታ፣ «ለሌላ አንሰጥም፤ ለራሳችን ብቻ» አለች። «ለራሳችን ብቻ» አልኩ። አለቀ።

የመጀመሪያውን ሙከራ በዚያው ሳምንት አደረግን፤ አልተሳካም። ቴሌቪዥኑ ላይ ተራ በተራ አረንጓዴ የሚሆኑ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ መሃል ላይ ሲደርሱ ቀይ ሆኑ። ሁለተኛውም መሃል ላይ ቀይ። የፍሎፒዋ ቀርጨጭታ በየሙከራው ይብሳል። ሚስቴ እጇን ከማብሪያው ላይ አነሳች።

«ከእንግዲህ አንዴ ብቻ ነው የምነካት» አለች። «ከዚያ በኋላ ለቅጂም ለትምህርትም አትሆንም።»

እሷ ቴሌቪዥኑን ስታይ እኔ አምፖሉን ነበር የማየው። ቀይ ሳጥን በመጣ ቁጥር አምፖሉ ቀድሞ ይደበዝዛል፤ እንደ ከሰል ይቀላና ይመለሳል። የቴሌቪዥኑም ሥዕል ጠበብ ይላል። ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ከታች ያለው ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ድምፁ ሲከብድ፣ ማለት አዲስ እህል ሲገባ፣ የኛ አምፖል ይቀላል። ድምፁ ሲላላ ይነጣል። ተመለስኩና፣ «ጥቁሯ ሳጥን ምንም አልሆነችም። ወፍጮው ነው» አልኳት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ የከተማው መብራት ያን ጊዜ ከናፍጣ ሞተር ነው የሚመጣው፤ የሚለቀቀውም ሊመሽ ሲል ነው። ወፍጮውም የሚሠራው በዚሁ መብራት ነው። መብራቱ ሲመጣ ወፍጮው ይነሳል፣ መብራቱ ሲጠፋ ይቆማል። እሑድ ወፍጮው ያርፋል፤ ግን እሑድ የከተማውም ሞተር ናፍጣ ለመቆጠብ ያርፋል። ወፍጮ የሌለበት መብራት ሚዛን ውስጥ አልነበረም።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች ሚስቴ።

«ይቆማላ» አልኳት።

«ምኑ?»

«ወፍጮው።»

አንተ ሰው፣ ብላ ጀምራ ተወችው። ታውቀኛለች።

መብራት እንደመጣ ወረድኩ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል፤ ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩም ጤፉን አስይዞ በሩ ላይ ተደግፏል። ባለ ወፍጮው ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ነው።

«ወንድሜ፣ ወፍጮህን ጥቂት አቁምልኝ» አልኩት።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም አልሆንኩም። መብራቱን እንድትለቅልኝ ነው።»

«ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ?»

«ለብስኩቱ ነው» አለ መምህሩ ከበሩ። ሰልፉ ሳቀ።

ባለ ወፍጮው እጁን አራገበ። «ሂድ ወንድሜ። እኔ ወፍጮ የማቆመው ሞተሩ ሲሞት ወይ እኔ ስሞት ነው።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ» ብዬ ዱቄቱ በሚወርድበት አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ዱቄት ይሸፍንሃል።»

«ይሸፍነኝ።»

ሸፈነኝ። ባለ ወፍጮው እየዞረኝ ይሠራል፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። አንዷ፣ «አባቴ፣ አንተንም እንፍጭህ ወይስ እንንፋህ?» አለችኝ። ዱቄቱን ከዓይኔ ጠረግኩ። የሚቀጥለው ጆንያ ገባ፤ ወጣ። ሌላ ገባ። እኔ አልነሳሁም። ቀስ በቀስ ሳቁን ተዉና ጠብ ጀመሩ፤ ከኔ ጋር ሳይሆን እርስ በርስ።

ከመሃል አንዲት ወፍራም ሴት ተነሳች፤ ልጇ የሚስቴ ተማሪ ናት። «የኔ ልጅ ፈተና ልትቀመጥ ነው» አለች ለባለ ወፍጮው። «ያች ዕቃ ከተበላሸች በምን ትለማመዳለች? አቁምለት።»

«የኔ ልጅ እዚያ የለችም» አለች ከኋላ ሌላዋ። «ባሌ ግን እራት ይጠብቃል።»

«ባልሽ መቼ ነው እራት ያልጠበቀው?»

«አንቺ ስለ ባሌ ምን አገባሽ?»

«ምንም። ሆዱ ግን ቀድሞት በር ላይ ሲደርስ ሁሉም ያየዋል።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ባሏ የተነሳባት ሴትም ሳትወድ በግድ ሳቀች። ባለ ወፍጮው ግን አሁንም ፊቱን አልፈታም፤ በሰው ፊት ለኔ ብሎ አቆመ መባሉን አልወደደውም። ገባኝ። እኔም ብሆን አልወደውም።

ያን ጊዜ መምህሩ፣ ያ ምላሰኛ፣ ከማፍሰሻው ሥር አንድ ጭብጥ ዱቄት አንስቶ በጣቶቹ አሸው። «ድንጋይህ ደንዝዟል» አለው። «ይህ ዱቄት አይደለም፣ ክክ ነው። ጤፌን በዚህ አታበላሽብኝ።»

ባለ ወፍጮው ዱቄቱን ነካ፣ መምህሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። የወፍጮ ድንጋይ ሲደነዝዝ ተነስቶ በመዶሻ ይወቀራል፤ ይህን ጠዋት ጠዋት መብራት በሌለበት ሰዓት ነበር የሚሠራው።

«እውነት ነው» አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ድንጋዩን ልወቅር ነው። የማንም ብስኩት አይመለከተኝም። ድንጋይ ነው የምወቅረው።»

የወፍጮው ሞተር ቀበቶ ወረደ። ወፍጮው እያቃሰተ ዝም አለ። እኔ ሮጬ ነበር፤ ዱቄቴ ከኋላዬ እንደ ጭስ እየበነነ።

ያን ዝምታ ልነግራችሁ አልችልም። ከተማው በወፍጮ ድምፅ ስለኖረ ሌላ ድምፅ ያለው አይመስለንም ነበር። ለካ ወንዙ ይሰማል። የሆነ ቤት ሬዲዮ ያወራል። ቤት ስገባ አምፖሉ ነጭ ሆኖ፣ አይን የሚያስጨፍን ሆኖ ቆሟል። ሚስቴ ፍሎፒዎቹን አስገብታ እጇ ማብሪያው ላይ ነው።

«አሁን» አልኳት።

ሁለቱ ማንበቢያዎች እኩል ተነሱ። አንዱ ቀርጨጭ ይላል፣ ሌላው ይመልስለታል። አረንጓዴ ሳጥን፣ አረንጓዴ ሳጥን። መሃል ላይ ደረሱ።  አማቴ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ከወፍጮ ቤት የመዶሻው ድምፅ ይመጣል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እግዜር ይስጠው። አረንጓዴው መሃሉን አለፈ። ወርዶ ታችኛው ረድፍ ላይ ደረሰ። የመጨረሻዋ ሳጥን አረንጓዴ ሆነችና ሁለቱም ዝም አሉ።

«ገና ነው» አለች ሚስቴ። «ሌላውም ቀዳሁ ብሎ ነበር።»

ኮምፒዩተሩን አጠፋች። አሮጌዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጥቁሯን ሳጥን ነቀለች። አዲሷን ቅጂ አስገብታ አበራች። ዞር ስል በሩ በሴት ተሞልቷል፤ ሰልፉን ትተው መጥተዋል፤ ወፍራሟ ሴት ከፊት፣ ባሏ እራት የሚጠብቃት ሴት ደግሞ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋለች። ስሙ መጣ። ባለፈው ቀጥ ያለበት ቦታ ደረሰ። ማንበቢያው ለስለስ ያለ ድምፅ አሰማ፤ ጠባሳውን እየፈለገ ነው ማለት ነው። ፈለገ። ፈለገ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ፤ የመጀመሪያው ትምህርት የመጀመሪያ ፊደል ነጭ ሆኖ ወጣ።

ሚስቴ ፊደሉን መታች። ማሽኑ ወደሚቀጥለው አሳለፋት።

እልልታውን የጀመረችው ያች ባሏ እራት የሚጠብቃት ሴት ናት። ምን እንደሆነ እንኳ የገባት አይመስለኝም፤ ግን እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። አማቴ በመሃል፣ «ስጪኝ፣ ላስቀምጥልሽ» ብላ እጇን ዘረጋች። ሚስቴ ፍሎፒዋን ከጉንፏ ውስጥ ከትታ፣ «አይ እናቴ፣ አንቺ በቆሎውን ያዢ» አለቻት።

ድንጋዩ ገና ተወቅሮ አላለቀምና ከአዲሷ ሌላም ቀዳን። ሁለተኛዋም ሠራች። ከዚያ ወፍጮው ተነሳ፣ አምፖሉ ቀላ፣ እኛ ግን ከእንግዲህ ይቅላ አልን። መምህሩ የተፈጨ ጤፉን አሸክሞ ሲያልፍ በራችን ላይ ቆመ።

«ብስኩቱ ወለደ አሉኝ» አለ።

«መንታ ነው» አልኩት።

«ስርቆት መሆኑን ግን አልተውኩም።»

«አትተው። ዱቄትህ እንዴት ነው?»

በጣቶቹ ዳሰሰው። «ላመ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ መብራቱም ተማሪዎቹም ሳይመጡ ተነሳሁ። ጸጉሬ ውስጥ የቀረውን ዱቄት ታጥቤ፣ ደህና ሸሚዜን ለብሼ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር። የሁለቱን እህትማማቾች በር አንኳኳሁ። እናታቸው ከፈተችልኝ።

«ልጆቹ ዛሬ ይምጡ» አልኳት።

«ቦታ የለም አላልክም ነበር?»

«ትናንት አልነበረም» አልኳትና፣ ነጠላቸውን እስኪለብሱ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠብቄ፣ ሁለቱንም ይዣቸው ወረድኩ።